ስምንተኛው ምድጃ

ሰባት ምድጃ፣ የካቲት ወር

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መታጠፍ ጀመረልሽ ወይ? የክሊቭላንድን በረዶ እዚህ በሬዲዮ እንሰማለን፤ መኪና ቀበረ፣ በር ዘጋ ባሉ ቁጥር የማስበው አንቺን ነው። ደረጃውን ስትወርጂ ብረቱን ይዘሽ ውረጂ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፣ የበላሁትም ይስማማኛል። ዓይኔ ብቻ ነው የከዳኝ። ይህን ደብዳቤ በአንድ ቀን አልጨርሰውም፤ ጽሕፈቱ ቦታ ቦታ ላይ ቢለያይ አይግረምሽ። ትምህርቴን ታውቂዋለሽ፤ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እሱም ጥጥ ለቀማ በደረሰ ቁጥር እየተቋረጠ።

ሰፈሩን እንደተውሽው ታገኚዋለሽ ብል እዋሻለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሆኗል። ውኃ የምንቀዳበት ምንጭ ደርቋል፤ ቁልቁል የምንወርድበት መንገድ ግን አሁንም አለ፣ የማንም እግር ሳይረግጠው ሣር እምቢ እንዳለው ነው። ግቢዬን እንደ እናታችን በቅርንጫፍ መጥረጊያ እጠርጋለሁ፤ አንድ ሣር አይታይበትም። የኦሊ የልጅ ልጆች ከተማ ቤት ሠርተው ግቢያቸው ውስጥ ሣር ተክለዋል አሉ፤ ሲያድግ ደግሞ ያጭዱታል። ኦሊ «ላም የላችሁ፣ ፍየል የላችሁ፣ ማን ሊበላው ነው? ስላቸው ሳቁብኝ» አለችኝ። መቼም ጎረቤታችንን ኦሊን አልረሳሻትም፤ ምላሷ የሚያርፈው ስታኝክ ብቻ ነው። ዛሬም እንዲያው ናት። የኮክ ዛፋችን ከወደቀ ቆየ። ጉቶው ላይ ትራስ አድርጌ ጧት ጧት ፀሐይ እሞቃለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ለዚህ እንዳልሆነ ሳታውቂው አትቀሪም።

ባለፈው ኅዳር ከአውራጃው ከተማ አንዲት ሴት መጣችብኝ። ወይዘሮ መክሌንደን ትባላለች፤ ከኮረብታው ስኮቶች ወገን ናት። አባቷ ያ ጥጥ መዳመጫ የነበረው ቀይ ሰውዬ ነው። አገሩ ሁለት መቶ ዓመት ስለሞላው የአውራጃችን ታሪክ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው አለች። እያንዳንዱ ሰፈር ሁለት ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ መጀመሪያ ማን ሰፈረ፣ ከየት መጣ፣ ስንት ቤተሰብ ነበር። «ልጅዎ ደብተር እንደነበራቸው ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ…» ብላ አቆመች። «እርስዎ» አለችኝ፣ እህቴ። እናቷ ሸምግላ እስክትሞት በስሜ ብቻ ነበር የምትጠራኝ፤ እኔ ግን ይህችኑ ሴት ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች እመቤቴ እላት ነበር። ሁለታችንም ይህን እያስታወስን በረንዳው ላይ ተቀምጠን የተቀቀለ ኦቾሎኒ ፈለፈልን።

ደብተሩ ነበረ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በጎማ የታሰረ። መሳቢያ ውስጥ ካስገባሁት ጊዜ ጀምሮ ግን ከፍቼው አላውቅም።

ኦዴል ፖስታ ባደለባቸው ዐሥራ አንድ ዓመታት አውራጃውን እንደ መዳፉ አውቆት ነበር። ከኮረብታው ስኮቶች ቤት ተነስቶ፣ ንብ ወደሚያረቡት ጀርመኖች ወርዶ፣ ረግረጉ ዳር ወዳሉት ሰዎች ይሻገራል፤ እነዚያን «ነጭም ጥቁርም ሳይመጣ እዚሁ ነበርን» የሚሉትንና ልጆቻቸውን የሁለቱም ትምህርት ቤት አልቀበልም ይላቸው የነበሩትን። መጨረሻ እኛ ዘንድ ይደርሳል። በየቤቱ ደጃፍ ደብዳቤውን ይሰጥና አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «የእናንተ ሰዎች እዚህ የመጡ ዕለት የት ተኙ?» ለምን እንዲህ ብለህ ትጠይቃለህ ስለው፣ «እማዬ፣ የመጡበትን ዓመት ሁሉም ይዋሻል፤ ሁሉም አንደኛ ነኝ ይላል። የት እንደተኙ ግን ማንም ዋሽቶኝ አያውቅም» አለኝ። የኮረብታው ሰዎች በተገለበጠ ጋሪ ሥር ነው የተኙት። ጀርመኖቹ ዝናብ መጥቶባቸው ቆመው ነው ያነጉት። የእኛን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ነጻነት በታወጀ በዓመቱ ሰባት ቤተሰብ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከአንድ ማሰሮ ፍም ተካፍሎ፣ ጉብታው ላይ ሰባት ምድጃ አነደደ። መቃብራችንም በዚያችው ሌሊት አተኛኘት ተራ የተደረደረ ነው፤ የእኛዎቹ ከትልቁ ዝግባ ሥር፣ የኦሊዎቹ ከጎናችን፣ እነ ዲያቆን ፒንክኒ በላይ በኩል። ኦሊ «በሕይወት ያንኮራፋብን ሰው ሞተንም ያንኮራፋብናል» የምትለው ለዚህ ነው።

ዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። ጣቶቼ ተቆላለፉ።

*

ትናንት ዝናብ ስለነበረ አልጻፍኩም። ዝናብ ሲሆን አሁን ምንም አልሠራም።

ለኦዴል ቀብር ስላልመጣሽ ማንም በዝርዝር አልነገረሽም። ጉልበትሽ ያኔ መንገድ እንደማይችል አውቃለሁ፤ አበባሽም ደርሷል። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ አፍ ብትሰሚው ይሻላል። ያን ጧት አሬራ ውስጥ የበቆሎ ዳቦ ፈርፍሮ፣ ሁልጊዜ በሚጠጣባት ሰማያዊ ወፍ ባለባት ነጭ ኩባያ፣ ቆሞ በላ። ቁጭ በል ስለው፣ «የረግረጉ ሽማግሌ መድኃኒት ይዣለሁ፤ ከቀትር በፊት ካላደረስኩለት በእኔ ያሳብባል» ብሎ ሳቀ። ቀልዱን ሳይጨርስ የሚስቅ ሰው እንደነበር ታውቂያለሽ። ጅረቱ በአንድ ሌሊት ዝናብ ድልድዩን አልፎ ነበር። መኪናው ሲንሸራተት የፖስታ ከረጢቱን አውጥቶ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል። ለራሱ የሚሆን ቅርንጫፍ አላገኘም። ሦስት ቀን ሙሉ የአራቱም ሰፈር ወንዶች አንድ ላይ ሆነው ፈለጉት፤ ኮረብታዎቹም፣ ንብ አርቢዎቹም፣ ረግረጎቹም፣ እኛም። እንዲህ ሆነው አንድ ላይ ሲሠሩ ዐይቼ አላውቅም። ያገኙት ረግረጎቹ ናቸው። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ደብዳቤ ግን አንዱም አልረጠበም። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ቀን ከዚያው ከረጢት አንድ ደብዳቤ ለእኔ መጣልኝ። የአንቺ ነበር። «ኦዴል እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀው ወይ?» ይላል።

እኔ በዚህ አልወቅስሽም። ደብዳቤሽ በደረቁ ነው የደረሰኝ፤ እሱ አድርሶልኝ ነው የሄደው።

ከዚያ ግንቦት መጣ፤ ስም የሚጠራበት እሁድ። ከሄድሽ አርባ ዓመት ስላለፈ ሥርዓቱ ከአእምሮሽ ጠፍቶ እንዳይሆን ላስታውስሽ። አያታችን ትለው እንደነበረው፣ ወንዝ ማዶ ልጅ ተሸጦ ጋሪ ላይ ሲጫን እናቱ «የእኔ ነው» ማለት አይፈቀድላትም ነበር። ስለዚህ እዚህ ሰባት ምድጃ የተቀበረ ሁሉ ባለቤቱ ሳይጠራለት አይተኛም ተባለ። ዲያቆኑ በዓመቱ የሞቱትን ይጠራል፤ የወለደች እናት በሕይወት ካለች ትነሳና «ከእኔ ነው» ትላለች፤ የመጨረሻ የበላበትን ዕቃ በድንጋይ ሰብራ ስባሪውን መቃብሩ ላይ ትደረድራለች። እናት ከሌለች የቅርብ ዘመድ ይነሳል። የሚነሳ ካልተገኘ ስሙ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ለሁለተኛ ጊዜ ተጠርቶ ዝም ከተባለ ግን ከዚያ በኋላ አይጠራም፤ ድንጋይም አይቆምለትም፤ አፈሩ እየወረደ እየወረደ ከሜዳው ጋር አንድ ይሆናል።

ኩባያዋን በናፕኪን ሸፍኜ ጭኔ ላይ ይዣታለሁ። ዲያቆን ፒንክኒ «ኦዴል» አለ። ተነሳሁ። በግማሽ ተነሳሁ። አፌ እምቢ አለ። ዲያቆኑ ድጋሚ «ኦዴል!» አለ፣ እኔን እያየ። ኦሊ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ «ቪኒ፣ ምን ሆነሻል? በይው እንጂ!» በጆሮዬ ነው፤ ግን የኦሊ ሹክሹክታ እስከ መንገድ ይሰማል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዲያቆኑ መነጽሩን አውልቆ «ይተላለፍ» አለ። ያን ያህል ምግብ ተሠርቶ፣ ያ ሁሉ የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን ከአሳማ ሥጋ ጋር፣ የስኳር ድንች ኬክ፣ ሰዉ ሳይበላ ጨርቅ አልብሶ ወደ ቤቱ ተበተነ።

ሐዘን ነው አሉ። ኩራት ነው ያሉም አሉ። ለምን እንዳልተነሳሁ አንቺ ታውቂያለሽ። በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ዋሽቻለሁ። በትምህርት ቤቱ ቅጽ ዋሽቻለሁ። ወታደር ሲመለመል የመጣው ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። እዚያ መቃብር ላይ ግን፣ ያ ቃል የተነገረባቸው ሰዎች ሁሉ ከሥሬ ተኝተው፣ አልቻልኩም።

*

ከግንቦት ወዲህ ኩባያዋ የሰፈር ጉዳይ ሆናለች። የሟች ዕቃ ሳይሰበር ከቆየ ሌላ ሰው ወደ መቃብር ይጠራል ይባላል፤ ይህንንም አልረሳሽውም። ማንም ባስነጠሰ ቁጥር ወደ እኔ ቤት ያያሉ። ኦሊ በነሐሴ አንድ ጧት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «የልጄ ልጅ ሳል ጀምሯታል። ኩባያውን አንቺ ካልሰበርሽው እኔ እገባና እሰብረዋለሁ» አለችኝ። ሕፃኗ ሳሉን ያመጣችው ጅረት ውስጥ ስትንቦጫረቅ ውላ ነው አልኳት። «እሱስ ነው፣ ግን ምን ይታወቃል!» ብላ ገብታ አሬራዬን ጠጥታ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩባያዋን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ፣ ከዱቄቱ ሥር ቀብሬያታለሁ።

እንግዲህ ወይዘሮ መክሌንደን የመጣችው እንዲህ ባለሁበት ነው። ሁለት ገጽ ለመጻፍ ደብተሩ ያስፈልገኛል። ከወር በላይ ዙሪያውን ዞርኩት። በመጨረሻ የገና ማግስት ጎማውን ፈታሁት።

የእጁን ጽሕፈት ሳይ የሆንኩትን አልጽፍልሽም። ልንገርሽ የምፈልገው ያገኘሁትን ነው።

አንደኛ። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ሳይረስ ሳይሞቱ በፊት፣ ዘጠና ሦስት ዓመታቸው እያለ፣ ስለዚያች የመጀመሪያ ሌሊት የነገሩት ነገር አለ። ጉብታው ላይ ሰባት ምድጃ ሳይሆን ስምንት ነበር ብለውታል። ስምንተኛው በታች በኩል፣ ቦዩ አጠገብ፣ አንዲት ዶርካስ የምትባል ሴት ብቻዋን ያነደደችው ነው። ሕፃን ይዛ ነበር። ሕፃኑ ግን የወለደችው አልነበረም፤ እናቱ ነጻነት ሳይታወጅ በፊት ወደ ቴክሳስ ተሽጣ ስትሄድ ጋሪው ላይ ሆና ለዶርካስ የጣለችላት ነው። ዶርካስ ከሰባቱ ከማናቸውም ጋር ዘመድ ስላልነበረች፣ ልጁም ሥጋዋ ስላልሆነ፣ ሲቆጠር አልተቆጠረችም። ከሁለት ዓመት በኋላ እናትየዋ ከቴክሳስ በእግሯ እየጠየቀች መጣች። ዶርካስ ልጁን በሩ ላይ አቁማ «እናትህ ያቻት» አለችው አሉ። እናትየዋን አላባረረቻትም፣ ራሷም ትታላት አልወጣችም። ሦስቱ በዚያው በአንዱ ምድጃ ኖሩ። ልጁ ሄኖክ ይባል ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ግንድ ወድቆበት ሞተ። ሲቀብሩት ሰባኪው «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም ሴቶች በአንድ ትንፋሽ «ከእኔ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ነው ሰዉ ሁሉ እንዲህ እየተባለ ይቀበር የተባለው። ቃሉ ቆየ፤ መጀመሪያ ሁለት ሰው አንድ ላይ እንዳሉት ግን ተረሳ። ኦዴል ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ይህን ያረጋገጠልኝ ሌላ ሰው የለም። እኔ ግን አምኜዋለሁ።»

መቃብሩ በታች በኩል፣ ቦዩ አጠገብ፣ እኔና አንቺ ልጆች ሳለን እየተቀመጥንባቸው የፔካን ፍሬ የምንፈለፍልባቸው ሁለት ድንጋዮች ትዝ ይሉሻል? መሐላቸው አንዲት ትንሽ ነበረች፤ ፔካኑን የምንቀጠቅጥባት። ድንጋይ ብቻ መስለውን ነበር።

ሁለተኛ። የየቤተሰቡን ዘር በገጽ በገጹ ሥሎታል። የእኛም አለ። ከአያታችን ወደ እናታችን፣ ከእናታችን ወደ እኔና ወደ አንቺ። ከእኔና ከባሌ ከሩፈስ ስም በታች በቀለም መስመር አውርዶ የራሱን ስም ጽፏል። ከአንቺ ስም በታችም አንድ መስመር አለ። በእርሳስ ነው። አንድ ጊዜ ተሰርዞ እንደገና የተሰመረ ነው፤ የላጲሱ ምልክት ይታያል። ከመስመሩ ሥር ስም የለም። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «እማዬን አልጠይቃትም» ይላል።

እህቴ፣ መቼ እንዳወቀ አላውቅም። አንቺን ለማየት ክሊቭላንድ መጥቶ የተመለሰ ጊዜ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «እማዬ፣ አክስቴ ቀልድ ሳትጨርስ ትስቃለች» ነበር ያለኝ። እኔ ምጣዱን እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ። ከዚያን ጊዜ ይሆን?

*

ይኸኛውን ገጽ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩት።

ያን ክረምት ሁለታችን ሩፈስን ተከትለን የጥድ ሙጫ ወደሚለቀምበት ካምፕ ስንሄድ፣ ኮትሽን እስከ አንገት ቆልፈሽ ነበር። በጸደይ ስንመለስ አንቺ በባቡር በዚያው ወደ ሰሜን ሄድሽ፤ ሩፈስ ሻንጣ፣ እኔ ሕፃን ይዘን ጉብታውን ወጣን። ዐሥራ ስምንት ዓመትሽ ነበር። ጉባኤ ፊት አቁመው የአባቱን ስም ንገሪ እንዳይሉሽ ብዬ ነው ያልኩት ያኔ፤ እውነትም ነበር። ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ልጅ አጥቼ ስድስት ዓመት አልጋዬ ላይ ያለቀስኩትን ታውቂያለሽ። ሲሰጠኝ ክንዴ ውስጥ እንደ ሞቀ ዳቦ ነበር።

ስድስት ዓመት ሲሞላው ጻፍሽልኝ። ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ፣ ትምህርት ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ በበጋ መጥቼ ልውሰደው አልሽ። እኔ ኩፍኝ ይዞታል፣ መንገድ አይችልም ብዬ መለስኩልሽ። በሚቀጥለው ዓመትም ደረቱን ያመዋል አልኩ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውሽ።

ኩፍኝ አልያዘውም ነበር። ያን ደብዳቤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ እሱ ኮክ ዛፉ ላይ ወጥቶ ጥሬ ኮክ እየበላ ነበር። «እማዬ፣ ለማን ነው የምትጽፊው?» ብሎ ጮኸ ከላይ። ለአክስትህ አልኩት። «ሰላም በያት!» አለ። ያንንም አልጻፍኩልሽም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያላደረስኩት ሰላምታ ነው፤ ዛሬ አደረስኩት።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለው ነገር ፊት ለፊት ነው የሚባለው።

*

ስብሰባው የተደረገው በጥር መጨረሻ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው። የጻፍኩትን ሁለት ገጽ አነበብኩላቸው። ስምንት ቤተሰብ ስል ጉርምርምታው ተነሳ። ኦሊ «ታዲያ ስምንት ምድጃ ልንባል ነው? ሰሌዳውን ገና ዐምና ነው የቀባነው!» አለች፤ ተሳቀ። ዲያቆን ፒንክኒ ግን አልሳቀም። «እህት ቪኒ፣ አባቶቻችን ሰባት ብለው አስረከቡን። የሴትየዋ ልጅ የራሷ አልነበረም፤ ዘር አልተወችም። በምን ትቆጠራለች?» አለኝ። ሳላስበው ተነስቼ ቆሜያለሁ፤ በግንቦት ያልተነሳሁት ሴት። «ታዲያ ያሳደገችው ልጅ ምን እየሞቀ አደገ? ምድጃዋ እሳት አልነበረውም?» አልኩ። ዲያቆኑ መነጽሩን አውልቆ፣ እንደ ግንቦቱ፣ «ስምንት ብለሽ ጻፊው» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኦሊ ክንዴን ይዛ ብዙ መንገድ ሳትናገር ሄደች። ታማ ይሆን ብዬ ፈራሁ። የእኔ በር ላይ ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፤ «ከሙጫው ካምፕ የተመለሳችሁ ዕለት እኔ ነበርኩ ጉብታው ላይ ውኃ የሰጠኋችሁ። ጡትሽ ደረቅ ነበር፣ ቪኒ። በፍየል ወተት ነው ያሳደግሽው፤ ፍየሏ የእኔ ነበረች። አርባ ሁለት ዓመት አፌን የዘጋሁበት ነገር ቢኖር ይኸ አንዱ ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደከበደኝ እግዚአብሔር ይወቀው።» ከዚያ፣ «ጻፊላት። ስንት ዓመት ልንጠብቃት ነው?» አለችኝ።

እነሆ ጻፍኩልሽ።

የግንቦት ሁለተኛው እሁድ ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠራበት ነው። ከዚያ በኋላ አይጠራም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አውቶቡሱ ከተማው ይደርሳል፤ ዲያቆን ፒንክኒ በመኪናው እቀበላታለሁ ብሏል። ለምን እንደምትመጪ አልጠየቀኝም። ጉልበትሽ ጉብታውን ካልቻለ ወንዶቹ በወንበር ያወጡሻል፤ ኦሊ እኔም ልውጣበት ብላ ከወዲሁ እየተከራከረች ነው። የምትተኚበት አልጋ የእሱ ነው። አንሶላውን አጥቤዋለሁ፤ ትራሱን ግን አላጠብኩትም፣ ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ዲያቆኑ ስሙን ሲጠራ ብቻሽን ተነሺ አልልሽም። ብቻዬንም አልነሳም፤ ሞክሬው ዐይቻለሁ። አብረን እንነሳለን። ቃሉ አንድ ነው፣ ለሁለት አፍ ይበቃል፤ ከእኛ በፊትም በቅቷል። ኩባያዋ ዱቄት ውስጥ ናት። ድንጋዩን አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ እጄን ከእጅሽ ሥር አደርጋለሁ። ደብተሩም ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። ያቺን የእርሳስ መስመር በቀለም ልደግማት ብዕር አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። መስመሯን መድገም የአንቺ ነው።

እግዚአብሔር እግርሽን ያጽናልሽ። በረዶውን አቅልጦ መንገድሽን ይክፈትልሽ። እጅሽ የሚይዘው ክንድ፣ ጆሮሽ የሚሰማው የምታውቂው ድምፅ ይስጥሽ። የእናታችን ምርቃት፣ የሰባቱም የስምንተኛዋም ምድጃ እሳት ከአንቺ ጋር ይሁን። እስክትመጪ በየጧቱ ግቢውን እጠርጋለሁ፤ የመጣሽ ዕለት የእግርሽን ዱካ ማየት እፈልጋለሁ።

አንቺን በመጠበቅ የምትኖረው፣
ታላቅ እህትሽ